በአንድ ብራውዘር ብቻ የሚከፈተው የመንግሥት ደጅ

ለክቡር ኢንጂነር ፕላሜን ዱሽኮቭ
የመሪ ውሾች ዳይሬክቶሬት ዋና ዳይሬክተር
ሶፊያ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ የከበረ ሰላምታዬ ከዳኑብ ዳር፣ ከሩሴ ከተማ፣ ባሉበት ይድረስዎ። ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? በተለይ ዓይንዎ እንደምን ነው? ዓይንዎን ለይቼ መጠየቄ ያለ ምክንያት አይደለም፤ እርስዎ በሚመሩት መሥሪያ ቤት ዓይኑ የማያይ ሰው ጉዳዩን ማስፈጸም እንደማይችል ዘንድሮ በሚገባ ስለተረዳሁ፣ ብርሃንዎ እስከ ጡረታዎ ድረስ እንዲሰነብትልዎ ከልቤ እመኛለሁ።

ስሜ ዶብሪና ካልቼቫ ይባላል። ሃያ ሁለት ዓመት በከተማችን ቤተ መጻሕፍት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ፤ የመጨረሻዎቹን ዐሥራ አራት ዓመታት የቤተ መጻሕፍቱን ድረ ገጽ የምሠራውም የምጠግነውም እኔ ነበርኩ። ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ከተቀመጥኩ ወዲህ አራት ጊዜ ተነሥቻለሁ፤ መስኮቱን ከፍቼ ዘግቻለሁ፣ ያልቆሸሸ ሰሐን አጥቤአለሁ፣ ደረጃውን እስከ ታች ወርጄ ምን ልፈልግ እንደወረድኩ ጠፍቶኝ ተመልሻለሁ። ስለዚህ አጻጻፌ እዚህም እዚያም ቢቅበዘበዝ ዕድሜዬን ሳይሆን መሥሪያ ቤትዎን ይውቀሱልኝ።

የምጽፍልዎ ስለ ጎረቤቴ ስለ ጌንቾ ኪርሎቭ ነው። ባለፈው ወር በፊርማዎ ያወጡት ማስታወቂያ «በዘንድሮው ዓመት መሪ ውሻ ለማግኘት ያመለከተ አንድም ሰው የለም» ስለሚል፣ በመሥሪያ ቤትዎ መዝገብ ጌንቾ የሌለ ሰው ነው። ስለ ሌለ ሰው ይህን ያህል ረጅም ደብዳቤ በመጻፌ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

የሌለው ሰው ዕድሜው ኀምሳ አራት ነው። ከተወለደ ጀምሮ አያይም። ሥራው ፒያኖ መቃኘት ሲሆን፣ የሙዚቃ ትምህርት ቤታችን ሠላሳ አንድ ፒያኖዎች ከእርሱ በቀር እጅ አያውቁም። ዘጠኝ ዓመት የመራችው ውሻው ቦራ በጥር አርጅታ ሞተች። ቦራ በሞተች በሁለተኛው ሳምንት፣ በዱላ እየዳሰሰ ወደ ሥራው ሲሄድ፣ ለውሃ ቧንቧ ተቆፍሮ አጥር ያልተደረገለት ጉድጓድ ውስጥ ወደቀና የቀኝ እጁ አንጓ ተሰነጠቀ። ሐኪም ቤት ጄሶውን እስኪያደርጉለት አጠገቡ ቆሜ ነበር።

«ዶብሪና፣» አለኝ፣ «እግሬ ቢሆን ግድ አልነበረኝም። አንድ ጉድጓድ ደግሞ ቢያገኘኝ ግን ይቺ እጅ ፒያኖ አትነካም። ውሻ ያስፈልገኛል፤ ቶሎ!»

እንግዲህ ቅሬታዎቼን፣ ወይም በእርስዎ መሥሪያ ቤት ቋንቋ «የደንበኛ አስተያየቶቼን»፣ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ፦ ማመልከቻን በወረቀት መቀበል አቁማችሁ ከመጋቢት አንድ እስከ ዐሥራ አራት ባለው ጊዜ በድረ ገጽ ብቻ እንዲሆን ስላደረጋችሁ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ጌንቾ ወሬውን ሲሰማ ደስ ብሎት በጄሶ እጁ ጠረጴዛ መታ። «ሰልፍ የለ፣ ደረጃ የለ! እንደማንም ሰው ቤቴ ቁጭ ብዬ ልጨርሰው ነው!» አለ። የጌንቾ ኮምፒውተር ገጹ ላይ የተጻፈውን በድምፅ የሚያነብ ነውና ባንክ ቤቱንም፣ ጋዜጣውንም፣ የባቡር ሰዓቱንም ለብቻው ይጨርሳል። የእርስዎን ገጽ በከፈተ ጊዜ ግን ኮምፒውተሩ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ አነበበለት፤ ይህ ገጽ በእርስዎ ብራውዘር አይከፈትም፣ እገሌ በተባለው ብራውዘር ይጠቀሙ፣ የሚል።

ክቡር ሆይ፣ እገሌ የተባለው ብራውዘር ሠሪዎቹ ራሳቸው ከዓመታት በፊት ቀብረው ተዝካሩን ያወጡለት ነው። ዛሬ በሚሸጥ ኮምፒውተር ላይ አይጫንም። እርስዎ ግን ለሟች ያለዎት ታማኝነት የሚያስቀና ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳ፤ የእርስዎ ጊዜ ውድ እንደሆነ ባውቅም ይህ እርስዎ ኢንጂነር የተባሉበት ሙያ ነውና አይሰለችዎትም ብዬ አምናለሁ። ድረ ገጽ እንዴት እንደሚጻፍ የብዙ አገር ሰዎች ለዓመታት ተከራክረው የተስማሙበት ደንብ አለ። ስታንዳርድ የሚሉት እርሱን ነው። ገጽ ሠሪው ደንቡን ከጠበቀ፣ ብራውዘሩም ደንቡን ከጠበቀ፣ ገጹ በሀብታም ኮምፒውተርም፣ በአሮጌ ስልክም፣ በሚናገር ኮምፒውተርም ይከፈታል። ማንም ሰው የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም። እኔ የቤተ መጻሕፍቱን ገጽ ስሠራ አዋቂ ሆኜ አልነበረም፤ የተጻፈውን አነበብኩና እንደተጻፈው አደረግሁ፣ አበቃ።

፪ኛ፦ ደጃችሁ አልከፈት ሲል እኔ አንድ ኃጢአት ሠራሁ። የጌንቾን ብራውዘር ስሙን ለውጦ «እኔ ሟቹ ነኝ» ብሎ እንዲናገር አደረግሁት። ገጻችሁ አመነውና ከፈተ። የሞተ መስሎ ለመግባት የተገደደ ሕያው አመልካች በማግኘታችሁ እንኳን ደስ ያላችሁ!

ከውስጥ ያገኘነውን ግን እንዴት ብዬ ላመስግን? በደንቡ መሠረት እያንዳንዱ ሥዕል ምን እንደሆነ፣ እያንዳንዱ መሙያ ሳጥን ምን እንደሚሞላበት ከጀርባው ይጻፋል፤ የሚናገረው ኮምፒውተር የሚያነበው ያንን ነው። የእናንተ ገጽ ከጀርባው ምንም የለውም። ስለዚህ ኮምፒውተሩ፣ የሚያምር ድምፁ ሳይለወጥ፣ «ሥዕል። ሥዕል። ባዶ ሳጥን። ባዶ ሳጥን። ሥዕል» እያለ ሄደ። ጌንቾ አንገቱን ደፍቶ አዳመጠ። ስሙ የሚጻፍበት ሳጥን ይህ ይሆናል ብሎ በግምት ጻፈ፤ ያ ለካ የውሻ ክብደት የሚሞላበት ኖሯል። መጨረሻ ላይ ደግሞ በሥዕል ውስጥ የተጣመሙ ፊደላትን አይቶ እንዲጽፍ ተጠየቀ፤ ከሥዕሉ በላይ ያለው ጽሑፍ ብቻ ተነበበለት፤ «ሰው መሆንዎን ያረጋግጡ» ይላል።

ጌንቾ ወንበሩን ገፍቶ ተነሣ። «አየሽ፣» አለኝ፣ «ይሄን እንኳ ማረጋገጥ አቃተኝ።» ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

፫ኛ፦ የስልክ አገልግሎታችሁን ማመስገን ግዴታዬ ነው፤ ምክንያቱም በመሥሪያ ቤታችሁ ሰው ያገኘነው እዚያ ብቻ ነው። ኔቭያና የምትባል ወጣት ሠራተኛ አነሣች። ጌንቾ ድምፅ ማጉያውን ከፍቶት ስለነበር ሁሉንም ሰማሁ።

«ጌታዬ፣ አጠገብዎ የሚያይ ሰው የለም?» አለችው።

«ልጄ፣ የሚያይ ሰው ሁልጊዜ አጠገቤ ቢኖር ውሻ ለምን እጠይቃለሁ?»

  ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እውነትዎን ነው። ይሄንኑ ለአለቆቼ ሦስት ጊዜ ጽፌላቸዋለሁ። እርስዎ ዛሬ አራተኛው ደዋይ ነዎት። የድሮው ብራውዘር ያለበት ኮምፒውተር ከየትም ይፈልጉ፤ ሌላ የምልዎት የለኝም፣ ይቅርታ» አለች።

ፈለግን። የቀድሞ ባልደረቦቼ በቤተ መጻሕፍቱ ዕቃ ቤት አንድ የተጣለ ኮምፒውተር አገኙልን፤ አቧራውን ጠርጌ አስነሣሁትና ማመልከቻውን እኔ ሞላሁ። ጌንቾ ይህን አልወደደውም። ዕድሜ ልኩን ሌላ ሰው ፈርሞለት አያውቅም፤ ስለ ጤናው የሚጠየቀውን ሁሉ፣ ለእናቱ እንኳ ያልነገረውን፣ ጎረቤቱ ፊት ጮክ ብሎ መመለስ ነበረበት። መለሰ። ላክነው። በሦስተኛው ቀን መልሳችሁ መጣ፤ «የተከበሩ ????? ??????፣ በዚህ ስም የተመዘገበ ዜጋ ስላልተገኘ ማመልከቻዎ ውድቅ ሆኗል።»

የጥያቄ ምልክቶቹን ቆጠርኳቸው። ለጌንቾ አምስት፣ ለኪርሎቭ ስድስት፤ በእኛ ፊደል ስሙ በትክክል አምስትና ስድስት ነው። ፊደላት በኮምፒውተር ውስጥ እንዴት እንደሚቀመጡ የሚወስነውን ደንብም አልጠበቃችሁምና፣ በገዛ ፊደላችን የተጻፈውን የዜጋ ስም ገጻችሁ ማንበብ አልቻለም። በአልፋቤታችን ስም በየዓመቱ በዓል የምናከብር ሕዝብ መሆናችንን ሳስታውስ፣ የእናንተ በዓል አከባበር ከሁሉም የተለየ ነው እላለሁ።

፬ኛ፦ በመጋቢት ዐሥራ አራት፣ በመጨረሻው ቀን፣ በጠዋቱ ባቡር ወደ ሶፊያ መጣን። የሆነውን እርስዎ ስለነበሩበት ያውቁታል፤ ሆኖም ማስታወቂያዎን ሳነብ የረሱት ስለመሰለኝ ላስታውስዎ። የጥበቃው ሰውዬ «ተራ ቁጥር ከዚያ ስክሪን ላይ ይንኩ» ብሎ ለጌንቾ በጣቱ አሳየው። እኔ ነካሁለት። ሁለተኛ ፎቅ ኮሪደር ላይ አንድ ሰዓት ተኩል ተቀመጥን። ማንም አልጠራንም። ጌንቾ እግሩን ያወዛውዛል፣ ዱላውን ያሽከረክራል፤ በመጨረሻ ኮምፒውተሩን ከቦርሳው አወጣና ገጻችሁን ከፍቶ ድምፁን እስከ መጨረሻ ለቀቀው።

«ሥዕል። ሥዕል። ባዶ ሳጥን። ሥዕል። ባዶ ሳጥን።»

በኮሪደሩ ሙሉ አስተጋባ። በሮች ተከፈቱ። አንድ የተነከሰ፣ አይብ የገባበት ባኒጻ በእጁ የያዘ ሰው ወጥቶ «ምንድን ነው የሚያነበው?» ብሎ ጠየቀ፤ ጓደኛው «የኛን ገጽ መሰለኝ» አለው፤ ሁለቱም ቆመው ቀሩ። ከዚያ እርስዎ ወጡ።

«ምንድን ነው ይሄ ጫጫታ?» አሉ።

ጌንቾ ተነሣ። «የእርስዎ ገጽ ነው፣ ክቡር። እያነበብኩት ነው።»

«ያጥፉት እባክዎ።»

«መጨረሻው ላይ ደርሼ ባጠፋው ደስ ይለኛል። መጨረሻ የለውም።»

ያን ጊዜ እኔ ጣልቃ ገብቼ ስለ ስታንዳርድ ተናገርኩ። እርስዎም ፈገግ ብለው፣ «እመቤቴ፣ ስታንዳርድ ማለት እኮ ምክር ነው እንጂ ሕግ አይደለም» ብለው መለሱልኝ።

ጌንቾ ፊቱን ወደ ድምፅዎ አዞረ። «ላ የምትባለዋን የመቃኛ ድምፅም ማንም በሕግ አላስገደደኝም፣» አለ። «የዓለም ሙዚቀኞች ተስማሙባት፣ እኔም ሠላሳ ዓመት በእርሷ ቃኘሁ። ከቪየና የመጣ ሰው የሩሴን ፒያኖ ቁጭ ብሎ ይመታል። እንደ ስሜቴ ብቃኘው ኖሮ ግን፣ ያን ፒያኖ የሚጫወተው እኔ ብቻ ነበርኩ። እርስዎም ለራስዎ ብቻ ቃኝተው ነው የተቀመጡት።»

ባኒጻ የያዘው ሰውዬ አጎነበሰ። እርስዎ «ኮምፒውተር ፒያኖ አይደለም» ብለው በርዎን ዘጉ። ሥራ እንደበዛብዎት ይገባኛል።

የቀረውን አላዩትምና ልንገርዎ። ከኮሪደሩ ጫፍ ኔቭያና መጣች፤ የጌንቾን ድምፅ ከስልኩ ለይታው ነው። ነጭ ወረቀት ይዛ ጌንቾ አጠገብ ተቀመጠችና «ይንገሩኝ፣ እጽፋለሁ» አለችው። ሲጨርስ ጽሑፏን መልሳ አነበበችለት፣ ጣቱን ይዛ መስመሩ ላይ አደረገችለት፣ ራሱ ፈረመ። «ተቀብለናል» የሚለውን ማኅተም መታች፤ ቀኑ መጋቢት ዐሥራ አራት፣ ሰዓቱ ከመዝጊያችሁ አርባ ደቂቃ በፊት። ቅጂው እፊቴ ነው።

፭ኛ፦ በሚያዝያ ማስታወቂያዎ ወጣ። አመልካች፣ ዜሮ። «ይህም በአገራችን የመሪ ውሾች ፍላጎት መቀነሱን ስለሚያሳይ» የሠለጠኑት ስድስት ውሾች በግንቦት መጨረሻ ለጉምሩክ መጋዘን ጥበቃ ይተላለፋሉ፣ የማሠልጠኛው ግቢም ይዘጋል። ክቡር ሆይ፣ መሪ ውሻ በሰው ላይ እንዳይጮህ ሁለት ዓመት ሙሉ የሚማር እንስሳ ነው። ለመጋዘን ሌቦች ስላሰቡላቸው በእነርሱ ስም አመሰግናለሁ።

በዚያው ሳምንት ኔቭያና ወደ ምድር ቤት ወደ መዝገብ ክፍል መዛወሯን ሰማን። ያለ ፈቃድ ወረቀት ተቀብላ ተገኝታለች። ደወልኩላት። «አይዞሽ» ልላት ነበር፤ ቀደመችኝና፣ «እትዬ ዶብሪና፣ ወረቀቱ ጠፋ ቢሏችሁ አትመኑ፤ መዝገብ ክፍል ያለሁት እኔ ነኝ» አለችኝ። ቅጣትዎ በቦታው ያረፈ መሆኑን ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

በኮሪደሩ የነበረውን ድምፅ በስልኬ ቀድቼው ስለነበር በራሴ ገጽ ላይ አወጣሁት። በዘጠኝ ቀን ውስጥ ገጻችሁ ያቃታቸው ዐሥር ዓይነ ስውራን ደወሉ። ከቫርና የደወለችው የሒሳብ መምህርት ዝላቲና ሰላምታ እንኳ አላስቀደመችም፤ «አርባ ሦስት ናቸው!» አለች። «ምኖቹ?» ብላት፣ «ባዶ ሳጥኖቹ ናቸዋ! ሦስት ሌሊት ቆጥሬአቸዋለሁ። የአንዳቸውንም ስም አላውቅም። እኔ ብቻ ደደብ የሆንኩ መስሎኝ ለባሌም አልነገርኩት» ብላ አለቀሰች። ከጌንቾ ጋር ዐሥራ አንድ ሰው። እያንዳንዱ ጥፋቱ የራሱ መስሎት፣ አፍሮ፣ ቤቱ ቁጭ ብሏል። ዜሮ ብለው የጻፉት እነዚህን ነው።

፮ኛ፣ የመጨረሻውም፦ ባለፈው ሐሙስ ማሠልጠኛው ግቢ ሄድን። ሁሉም በአክብሮት «ባይ ኢልቾ» የሚሉት ሽማግሌ አሠልጣኝ በሩ ላይ ቆሞ፣ «ፈላጊ የለም አሉኝ፤ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ፈላጊ ጠፍቶ አያውቅም፣ ዘንድሮ ዓይነ ስውር ሁሉ በራለት ወይ ብዬ ሳስብ ነበር» አለ። ከዚያ ሊፓ የምትባል ቡናማ ውሻ አመጣ። ጌንቾ የማሰሪያውን እጀታ በግራ እጁ ያዘ። ግቢውን ዞሩ። ባይ ኢልቾ በመንገዱ ላይ ሆን ብሎ ባልዲ አስቀመጠ፤ ሊፓ ቆመች፣ ጌንቾን ወደ ቀኝ ሳብ አድርጋ አሳለፈችው። ሁለተኛውን ዙር ፈጠን አሉ። ሦስተኛውን ሊሮጥ ምንም አልቀረው። ሲመለስ ፊቱ ቀልቶ፣ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይል ነበር።

«ዶብሪና፣ ቀና ብዬ ሄድኩ እኮ! ከጥር ወዲህ መሬት መሬት እያየሁ ነበር፣ የማላይ ሰውዬ!» አለ።

እኔ ፊቴን ወደ አጥሩ አዞርኩ።

ክቡር ሆይ፣ የምጠይቅዎ ጥቂት ነው። ዜሮውን ሰርዘው ዐሥራ አንድ ብለው ይጻፉ። ውሾቹን አያስተላልፉ። ገጹን ደንቡን ለሚያነብ ሰው ይስጡት፤ ደንቡ ለማንም ክፍት ነው፣ ነፃ ነው፣ በማንኛውም ብራውዘር ይነበባል። ኔቭያናን ግን ወደ ላይ ከመመለስዎ በፊት ይጠይቋት፤ አሁን ያለችበትን ቦታ እየወደደችው ነው።

ለሰጡኝ ጊዜ፣ ላልሰጡኝም ጊዜ፣ እንቅልፍ ስለነሡኝና በጡረታዬ ሥራ ፈት እንዳልሆን ስላደረጉኝ፣ ከመቀመጫዬ ለአምስተኛ ጊዜ ተነሥቼ፣ እጅ እየነሣሁ፣ በፍጹም አክብሮት፣

የክቡርነትዎ ትሑት ዜጋ፣ በሁለት ዓይኗ የምታይ፣
ዶብሪና ካልቼቫ
ሩሴ፣ ግንቦት ፲፱

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ ከፈረምኩ በኋላ አንድ ነገር ተፈጠረ። ባይ ኢልቾ ከመመሪያችሁ አንቀጽ ዘጠኝን አግኝቷል፤ አሠልጣኙ፣ ውሻን ለሠላሳ ቀን ሙከራ ለሚፈልግ ሰው መስጠት ይችላል ይላል። መመሪያው በወረቀት ነውና አዛውንቱ ያለ ምንም ብራውዘር ከፍቶ አነበበው። ስድስቱም ውሾች ዛሬ ጠዋት ወጥተዋል፤ አንዷ ቫርና ናት፣ ሊፓ ደግሞ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ፒያኖ ሥር ተኝታለች። ለጉምሩክ መጋዘኑ እንዲመለሱልዎ ከፈለጉ ማመልከት ይችላሉ፤ ለዚሁ ተብሎ ጌንቾ ራሱ፣ ደንቡን ከእኔ ተምሮ፣ አንድ ገጽ ሠርቷል። በሁሉም ብራውዘር ይከፈታል፣ ጮክ ብሎም ይነበባል። መሙያ ሳጥኑ አንድ ብቻ ነው፣ ስምም አለው፤ «ይህን ውሻ የሚፈልግ ሰው መኖሩን አረጋግጣለሁ» ይላል፤ እርሱ ላይ ምልክት ካላደረጉ ማመልከቻዎ አይላክም።